ፒንግ የሚመልስ ክላስተር ሥራ ላይ ለምን ድርቅ ይላል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን አራት አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተሮችን በአንድ ባለ ስምንት ፖርት ጊጋቢት ስዊች አገናኝተው፣ የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር ዲስክ ወደ ሦስቱ ገልብጠው፣ ከ10.0.0.1 እስከ 10.0.0.4 ቋሚ አድራሻ ሰጥተው፣ በሊኑክስና በኦፕን ኤምፒአይ (በተለያዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ያሉ የአንድ ፕሮግራም ክፍሎችን መልእክት በሚያለዋውጥ ሶፍትዌር) የሚሠራ ትንሽ ክላስተር፣ ማለትም አንድን ሥራ ተካፍለው የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ስብስብ፣ አቁመዋል። ከእነዚህ ኮምፒዩተሮች እያንዳንዱ ኖድ ይባላል፤ ዋናው ኖድ፣ ማለትም የመጀመሪያው፣ ሁለት የኔትዎርክ ካርድ አለው፤ አንዱ ወደ ስዊቹ፣ ሌላው ወደ ኢንተርኔት ይሄዳል። ሁሉም ኖዶች ለፒንግ («አለህ?» ብሎ ለሚጠይቅ ትንሽ መልእክት) ይመልሳሉ፤ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒዩተር በሚያስገባው ፕሮግራም) ያለ ይለፍ ቃል ይገባባቸዋል፤ የኮምፒዩተሩን ስም የሚያወጣውን ትእዛዝ በኤምፒአይ ሲያስነሡትም አራቱም ስሞች ይወጣሉ። እውነተኛው ፕሮግራም ግን በአራቱ ላይ ሲነሣ ምንም የስሕተት መልእክት ሳያሳይ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ፕሮሰሰሮቹ መቶ በመቶ ሥራ ላይ ሆነው ስለታዩ «እያሰላ ይሆናል» ብለው ግማሽ ቀን ጠብቀዋል። ከዚህ በተጨማሪ ወደ ሦስተኛው ኖድ ፋይል ሲገለበጥ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ወደ ሌሎቹ ግን ከ100 በላይ ነው። በመጨረሻም በዋናውና በሁለተኛው ኖድ ላይ ቀደም ሲል ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አጥሮ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ጭነው እንደነበር አለፍ ብለው ጠቅሰው፣ «ስዊቹን ልቀይረው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል።

አይቀይሩት፤ ቢያንስ አሁን አይደለም። ከሰጡት መረጃ እንደምረዳው ያለብዎት ችግር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ሁለቱም ከስዊቹ የመጡ አይመስሉኝም። አንደኛው ሽቦ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ሶፍትዌሩ መልእክቱን በየትኛው መንገድ ልላክ ብሎ ከመምረጡ ላይ ነው። በእጅ በተሠራ ክላስተር ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደክመው ችግሩ ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሁለት ቀላል ችግሮች ተደራርበው አንድ ከባድ ችግር ስለሚመስሉ ነው። አንዱን ሲያስተካክሉት ሌላው ምልክቱን ይዞ ስለሚቆይ «ለካ ይህ አልነበረም» ይሉና ያስተካከሉትን መልሰው ያፈርሱታል። ስለዚህ የሦስተኛውን ኖድ ዝግታና የፕሮግራሙን መድረቅ ለየብቻ እንያቸው፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይንኩ።

ከቀላሉ ልጀምር። በሰከንድ 11 ሜጋባይት በአጋጣሚ የመጣ ቁጥር አይደለም። 100 ሜጋቢት ለስምንት ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ከዚያ ላይ እያንዳንዱ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) ተሸክሞት የሚሄደው የኢተርኔት፣ የአይፒና የቲሲፒ፣ ማለትም የኔትዎርክ ሕጎቹ የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ፣ ድርሻ ሲቀነስ ለዳታው የሚተርፈው 11.7 ገደማ ነው። በጊጋቢት መስመር ይኸው ስሌት 117 ገደማ ይሰጣል፤ ሌሎቹ ኖዶች ከ100 በላይ ማሳየታቸውም ከዚህ ጋር ይስማማል። እንግዲህ ሦስተኛው ኖድ «እየተንቀራፈፈ» አይደለም፤ ከስዊቹ ጋር በ100 ሜጋቢት ተስማምቶ በዚያ መስመር ላይ በሙሉ አቅሙ እየሠራ ነው። ለማረጋገጥ በሦስተኛው ኖድ ላይ የኔትዎርክ ካርድን ሁኔታ የሚያሳየውን የኢትቱልን ትእዛዝ ከካርዱ ስም ጋር ያስኪዱና ፍጥነቱን የሚገልጸውን መስመር ያንብቡ፤ 1000 ማለት ሲገባው 100 ይላል ብዬ እጠብቃለሁ።

ለምን በ100 ተስማማ ለሚለው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኬብሉ ነው። የ100 ሜጋቢት ኢተርኔት ከስምንቱ ሽቦዎች በአራቱ ብቻ፣ ማለትም በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ይሠራል። ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። በ4ኛውና በ5ኛው ላይ የሚቀመጠው ሰማያዊ ጥንድ፣ ወይም በ7ኛውና በ8ኛው ላይ የሚቀመጠው ቡናማ ጥንድ አንዷ ሽቦ እንኳ ከፕላስቲኩ ራስ ውስጥ በደንብ ካልተነከሰች መስመሩ ጊጋቢት ሆኖ ሊቆም አይችልም። አንዳንድ ካርዶች በዚህ ጊዜ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ 100 ይወርዳሉ፤ ሌሎች ደግሞ እየተገናኙ ይቋረጣሉ። ፒንግ ይህን ፈጽሞ አያሳይዎትም፤ ለትንሽ ፓኬት 100 ሜጋቢት ሰፊ ጎዳና ነውና።

ፈተናው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ኖድ ኬብል በሁለቱም ጫፍ፣ ማለትም በኮምፒዩተሩም በስዊቹም በኩል ይለዋውጡ። ዝግታው ከኬብሉ ጋር ወደ ሁለተኛው ኖድ ከሄደ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ሦስተኛው ኖድ ላይ ከቀረ ግን ኬብሉን ሳይነኩ የስዊቹን ፖርት ብቻ ይቀይሩ፤ አሁንም ካልተለወጠ ካርዱ ራሱ ነው፤ ምናልባትም ከመነሻው ከ100 በላይ የማይችል አሮጌ ካርድ ይሆናል። ኢትቱል ካርዱ የሚችላቸውን ፍጥነቶች ስለሚዘረዝር ይህንኑም እግረ መንገድዎን ማየት ይችላሉ።

ኬብሎቹን ራስዎ ሠርተዋቸው ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከቱ። ስምንቱን ሽቦ በሁለቱም ጫፍ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ማሰር ብቻ አይበቃም፤ 3ኛውና 6ኛው ሽቦ እርስ በርስ የተጠማዘዘ አንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። ቀለማቱን በመሰለው መንገድ ደርድሮ ያሰረ ሰው እነዚህን ሁለቱን ከተለያየ ጥንድ ሊወስዳቸው ይችላል። እንዲህ ያለው ኬብል በተራ የኬብል መፈተሻ ሲታይ ስምንቱም መብራት ይበራለታል፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ሲግናሉ ከጥንድ ወደ ጥንድ እየዘለለ ፓኬት ያበላሻል። ይህን የሚያጋልጠው በኢትቱል የሚታየው የካርዱ የስሕተት ቆጣሪ ነው፤ የሲአርሲ ስሕተት (ተበላሽተው የደረሱ ፓኬቶች) ቁጥር ጭነት በበዛ ቁጥር እያደገ ከሄደ ሽቦውን ይጣሉት።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስሕተት ስላለ ልጥቀሰው። ፍጥነቱ 100 ሲልባቸው ካርዱን በግድ 1000 ወይም በግድ 100 ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል) አድርገው የሚያስሩ አሉ። በመዳብ ሽቦ ላይ የሚሄደው ጊጋቢት ኢተርኔት ሁለቱ ጫፎች ተደራድረው እንዲስማሙ ያስገድዳል፤ ድርድሩን መዝጋት ችግሩን አይፈታም። ይባስ ብሎ አንዱን ጫፍ በ100 ፉል ዱፕሌክስ አስረው ሌላውን በራሱ እንዲደራደር ከተዉት፣ ተደራዳሪው ወገን ፍጥነቱን ቢለይም ዱፕሌክሱን ማወቅ ስለማይችል ሃፍ ዱፕሌክስ (መላክና መቀበል በተራ) ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፒንግ እንደ ወትሮው ይመልሳል፤ ትልቅ ፋይል ግን እየተንገታገተ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ዋናው። ስም የሚያወጣው ትእዛዝ መሥራቱ ብዙ ሰው የሚታለልበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኦፕን ኤምፒአይ ሥራ ሲያስነሣ በመጀመሪያ በኤስኤስኤች ወደ እያንዳንዱ ኖድ ገብቶ አንድ ረዳት ፕሮግራም ያስነሣል። ረዳቱ መልሶ ወደ ዋናው ኖድ የቲሲፒ ግንኙነት ይከፍትና የታዘዘውን አስነሥቶ ውጤቱን በዚያው መስመር ይልካል። አራቱ ስሞች የወጡት በዚህ መንገድ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለተኛው ኖድ ለሦስተኛው አንዲት ባይት አልላከም፤ ስም የሚያወጣው ትእዛዝ ኤምፒአይ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። እውነተኛው ፕሮግራም ግን ፕሮሰሶቹ (በየኖዱ የሚሠሩት ክፍሎቹ) እርስ በርሳቸው በቀጥታ እንዲነጋገሩ ይፈልጋል፤ ይህም በኤስኤስኤች ውስጥ የማያልፍ፣ ራሱን የቻለ ሌላ የቲሲፒ ግንኙነት ነው።

ስለዚህ እስካሁን ያረጋገጡት ኤስኤስኤች መሥራቱንና ከኖዶቹ ወደ ዋናው ኖድ የሚመጣ ግንኙነት አለመታገዱን ነው። ያላረጋገጡት ደግሞ ከዋናው ኖድ ወደ ሌሎቹ ኤስኤስኤች ከሚጠቀምበት ከ22 ቁጥር ፖርት (እዚህ ላይ የስዊቹ ቀዳዳ ሳይሆን የግንኙነት በር ቁጥር) ውጭ የሚሄደውንና ኖዶቹ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉትን ግንኙነት ነው። የፕሮሰሰሮቹ መቶ በመቶ መሆንም ስሌት ለመኖሩ ማስረጃ አይደለም። ኦፕን ኤምፒአይ መልእክት ሲጠብቅ እንቅልፍ አይወስደውም፤ «መጣ? መጣ?» እያለ ያለ ዕረፍት ይፈትሻል። ከውጭ ሲያዩት ጥበቃውና ስሌቱ አንድ መልክ አላቸው፤ ግማሽ ቀን ቢጠብቁ አይፈረድብዎትም።

እኔ አብልጬ የምጠረጥረው አለፍ ብለው የጠቀሱትን ዶከር ነው። ዶከር ሲጫን በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ምናባዊ የድልድይ ካርድ ይፈጥራል፤ ይህ ካርድ ካልተለወጠ በቀር በተጫነበት ኮምፒዩተር ሁሉ 172.17.0.1 የሚል አንድ ዓይነት አድራሻ ይይዛል። ኦፕን ኤምፒአይ ደግሞ ካልከለከሉት በቀር ያገኘውን ካርድ ሁሉ ለመጠቀም ይሞክራል፤ የሁለት ኖዶች ካርዶች በአንድ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) ውስጥ ያሉ ሲመስሉትም በቀጥታ የሚገናኙ አድርጎ ይወስዳቸዋል። በዋናውና በሁለተኛው ኖድ ላይ ዶከር አለ፤ ሁለቱም «አድራሻዬ 172.17.0.1 ነው» ይላሉ። ዋናው ኖድ ወደ ሁለተኛው ለመድረስ ወደዚያ አድራሻ ሲሄድ የሚያገኘው የገዛ ራሱን ድልድይ ነው፤ የራሱን በር እያንኳኳ የጎረቤቱን መልስ ይጠብቃል ማለት ነው። የምናባዊ ማሽን ሶፍትዌር ለጫኑም ወጥመዱ ያው ነው፤ በሊኑክስ የተለመደው ምናባዊ ድልድይ በየኮምፒዩተሩ 192.168.122.1 ይዞ ይቀመጣል። እኔም በመጀመሪያው ክላስተሬ ላይ ሁለት ሌሊት ሙሉ ካርድ ስቀያይር ካደርኩ በኋላ ጥፋቱን ያገኘሁት ከረሳሁት እንዲህ ካለ ድልድይ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ክላስተር ስመለከት መጀመሪያ የማደርገው በየኖዱ ያሉትን ካርዶችና አድራሻዎች በሙሉ አስወጥቶ ጎን ለጎን ማንበብ ነው። በሁለት ኖዶች ላይ አንድ አድራሻ ሁለት ጊዜ ከታየ ከዚያ በኋላ ሌላ ምልክት አልፈልግም።

ግምቱን ምንም ሳያፈርሱ መፈተን ይችላሉ። ሥራውን ሲያስነሡ ኦፕን ኤምፒአይ በውስጠኛው ኔትዎርክ ብቻ እንዲሄድ ይንገሩት። ፓራሜትሩ «ቢቲኤል»፣ «ቲሲፒ»፣ «ኢፍ»፣ «ኢንክሉድ» የሚሉ አራት ቃላት በግርጌ ሰረዝ ተያይዘው የሚጻፉበት ነው፤ ዋጋው ደግሞ 10.0.0.0/24፣ ማለትም በ10.0.0 የሚጀምሩት አድራሻዎች በሙሉ፣ ይሁን። የካርድ ስም መስጠትም ይቻላል፤ ነገር ግን አሮጌ ኮምፒዩተሮች ሲሰባሰቡ የካርዳቸው ስም ከአንዱ አንዱ ስለሚለያይ ሰብኔቱን መስጠት ይሻላል። ይህ መንገድ የዋናውን ኖድ የኢንተርኔት ካርድም አብሮ ከጨዋታ ውጭ ያደርገዋል፤ እሱም ኖዶቹ ሊደርሱበት የማይችሉት አድራሻ ስለሆነ በራሱ ሁለተኛ ተጠርጣሪ ነው። «ኢንክሉድ» በሚለው ፈንታ «ኤክስክሉድ» ተጠቅመው ዶከርን ብቻ ለማግለል ካሰቡ አንድ ነገር ይወቁ፦ የእርስዎ ዝርዝር ነባሩን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ስለሚተካው ሉፕባክ የሚባለውን ውስጣዊ ካርድ አብረው ካልጻፉ ሌላ መድረቅ በገዛ እጅዎ ይፈጥራሉ። ሁለቱን በአንድ ላይ መጠቀም ደግሞ አይፈቀድም። በዚህ ፈተና ሥራው ከተንቀሳቀሰ ፓራሜትሩን በቤት ማውጫዎ ባለው የኦፕን ኤምፒአይ ፓራሜትር ፋይል ውስጥ ይጻፉትና ዳግመኛ አያስቡት።

ካልተንቀሳቀሰ ሥራውን አይግደሉት፤ ድርቅ እንዳለ በሌላ መስኮት ወደ ኖዶቹ ይግቡና በኤስኤስ ትእዛዝ የቲሲፒ ግንኙነቶቹን ይመልከቱ። የደረቀ ሥራ ብዙ ይናገራል፤ ሰው ግን ቶሎ ስለሚገድለው ምስክሩ አብሮ ይሞታል። ከግንኙነቶቹ አንዱ «ሲን ሴንት» በሚባለው ሁኔታ ላይ ቆሞ ካገኙት ጥያቄው ተልኳል፣ መልስ ግን አልመጣም ማለት ነው። የተላከበት አድራሻ 10.0.0.2ን የመሰለ ትክክለኛ አድራሻ ከሆነ በተቀባዩ ኖድ ላይ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግድ ሶፍትዌር) ፓኬቱን ዝም ብሎ እየጣለው ነው። ፋየርዎል ሲከለክል ሁለት ጠባይ አለው፦ እምቢታውን የሚናገር ከሆነ ፕሮግራሙ ወዲያው ስሕተት ያሳያል፤ ዝም ብሎ የሚጥል ከሆነ ግን ላኪው በከንቱ ይጠብቃል። የእርስዎ ፕሮግራም አንዲት የስሕተት ቃል አለማውጣቱ፣ ጥፋቱ የፋየርዎል ከሆነ፣ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ያመለክታል።

ኦፕን ኤምፒአይ ለመልእክት የሚከፍታቸው ፖርቶች አስቀድሞ የተወሰኑ ስላልሆኑ አንድ ሁለት ፖርት መክፈት አይጠቅምዎትም። በየኖዱ ላይ ከ10.0.0.0/24 በውስጠኛው ካርድ የሚመጣውን ሁሉ የሚያሳልፍ ደንብ ያስገቡ። ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት ለአምስት ደቂቃ ፈተና ይበቃል እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ በተለይ ዋናው ኖድ በሌላኛው ካርዱ ከውጭው ዓለም ጋር ስለሚገናኝ በዚያ በኩል ያለው አጥር መቆየት አለበት።

ዲስኩን ገልብጠው መጫንዎ ሁለት ቀሪ ነገሮችን ያስታውሰኛል፤ በአጭሩ ልለፋቸው። የተገለበጡ ኮምፒዩተሮች የኤስኤስኤች ቁልፋቸውም የተገለበጠ ስለሆነ በአድራሻ ስሕተት ወደ ሌላ ኖድ ቢገቡ እንኳ ማስጠንቀቂያ አይመጣልዎትም። አራት የተለያዩ ስሞች ማግኘትዎ ይህን ጥርጣሬ በአብዛኛው ቢያነሣልዎትም ቁልፎቹን በየኖዱ እንደገና ማመንጨት ተገቢ ነው። ሁለተኛው በ«ኢቲሲ» ማውጫ ያለው የ«ሆስትስ» ፋይል ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የኮምፒዩተሩን የራሱን ስም 127.0.1.1 ለሚል አድራሻ ይሰጡታል። ኦፕን ኤምፒአይ ካርዶቹን ራሱ ስለሚቆጥር ይህ ብዙ ጊዜ አይጎዳውም፤ ወደፊት ሃዱፕ ወይም ስፓርክ (ብዙ ዳታ በክላስተር የሚያቀናብሩ ሶፍትዌሮች) ለመጫን ካሰቡ ግን አገልግሎቱ በራሱ ውስጥ ብቻ አድምጦ ሌሎቹ ኖዶች «አይገኝም» ይላሉ። በአራቱም ላይ አንድ ዓይነት ፋይል አድርገው እያንዳንዱን ስም ከእውነተኛው የ10.0.0 አድራሻው ጋር ያስሩት።

ፍጥነት ለመጨመር ብለው የካርዶቹን ኤምቲዩ (በአንድ ፓኬት የሚላከውን ከፍተኛ የባይት መጠን) ከ1500 ወደ 9000 አሳድገውት ከሆነ ደግሞ ለጊዜው ይመልሱት። ሁለቱ ጫፎች 9000 ሆነው ስዊቹ ይህን ካልቻለ ግንኙነቱ ይከፈታል፣ ትንንሹ መልእክት ያልፋል፣ ትልቁ ግን የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጠፋል፤ ከውጭ ሲታይም ከእርስዎ ችግር ጋር መንታ ነው። ፓኬቱ እንዳይከፋፈል ከልክለው 8972 ባይት የሚሸከም ፒንግ ይላኩ፤ 28 ባይት የሚሆነው የአይፒና የአይሲኤምፒ ራስጌ ሲደመርበት በትክክል 9000 ይሞላል። ተራው ፒንግ ሲመልስ ይህ ካልመለሰ ስዊቹ አይችልም ማለት ነው፤ ያኔም ቢሆን 1500 ላይ መቆየት ስዊች ከመግዛት ይሻላል።

ሁለቱም ጥፋቶች ከተስተካከሉ በኋላ ክላስተሩን ጥንድ በጥንድ ይለኩት። አራት ኖዶች ስድስት ጥንድ ይሆናሉ፤ በአንዱ ኖድ ላይ የኔትዎርክ ፍጥነት የሚለካውን አይፐርፍ 3ን አድማጭ አድርገው ከሌላው በመላክ ስድስቱንም በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። የፋይል መገልበጥ ዲስኩንና የኤስኤስኤች ምስጠራውን አብሮ ስለሚለካ ለዚህ ሥራ አይመችም። ጤነኛ የጊጋቢት ጥንድ በሰከንድ 940 ሜጋቢት ገደማ ያሳያል፤ የፒንጉ የደርሶ መልስ ጊዜም ከአንድ ሚሊሰከንድ በጣም ያነሰ ይሆናል። አንዱ ጥንድ ብቻ ዝቅ ካለ ሌላውን ሳይነኩ እሱን ይዩ። «ሦስተኛው ኖድ ቢዘገይም ሌሎቹ ይበቁኛል» እንዳይሉ፤ ሁሉም ኖዶች ውጤት በሚለዋወጡበት ደረጃ ላይ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ቆሞ ይጠብቃል። 100 ሜጋባይት ዳታ በጤነኛው መስመር ሰከንድ ሳይሞላ ሲደርስ በሦስተኛው ኖድ መስመር ስምንት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ሦስቱ ኖዶች ያን ሁሉ ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው ያሳልፋሉ።

በነገራችን ላይ የእርስዎ ዓይነት ክላስተር ፈር ቀዳጅ የሚባለው ቢዮውልፍ በ1994 በናሳ ጎዳርድ ማእከል ሲሠራ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 16 ኮምፒዩተሮችን ያገናኙት የዛሬው ጊጋቢት ባልነበረበት ጊዜ በተጣመሩ የኢተርኔት መስመሮች ነበር፤ ቤከርም ለሊኑክስ ብዙ የኢተርኔት ካርድ ድራይቨሮችን የጻፈ ሰው ነው። ስለዚህ አሁን ያለዎት ስዊች ለአራት ኖድ ያንስ ይሆን ብለው አይስጉ። ስዊቹን የምጠረጥረው ስድስቱ ጥንዶች በተናጠል 940 እያሳዩ፣ ሁለት ጥንዶች በአንድ ጊዜ ሲላላኩ፣ ለምሳሌ አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሦስተኛው ከአራተኛው ጋር፣ ፍጥነታቸው አብሮ ሲወድቅ ብቻ ነው። ሦስቱ ኖዶች በአንድ ጊዜ ወደ ዋናው ሲልኩ የሚታየው መጨናነቅ ግን የስዊቹ ጥፋት አይደለም፤ ወደ ዋናው ኖድ የሚገባው መስመር አንድ ጊጋቢት ብቻ ነውና ለሦስት ይካፈሉታል።

በውስጠኛው ሰብኔት ብቻ እንዲሄድ ካደረጉት በኋላም የሚደርቅ ከሆነ ሦስት ነገሮችን ይላኩልኝ፦ የአራቱንም ኖዶች የካርድና የአድራሻ ዝርዝር፣ ሥራው ደርቆ ሳለ ኤስኤስ በዋናውና በሁለተኛው ኖድ ላይ ያወጣውን፣ እና ፕሮግራሙን በሁለት ኖድ ብቻ በስድስቱም ጥንድ ሲያስነሡት የትኞቹ እንደሠሩና የትኞቹ እንደደረቁ። የዶከሩ ጥርጣሬዬ ትክክል ከሆነ ያለ ፓራሜትሩ ሲነሣ አንደኛውና ሁለተኛው ያሉበት ጥንድ ብቻ ይደርቃል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ከማንም ጋር ቢጣመሩ ይሠራሉ።